የቤንዚን ፖምፓውን የመረጥኩት እኔ ነኝ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ በየፍልሰታው ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴንና ስካሬን ስዘረዝር ይችን አንዷን ከምላሴ ሥር አስቀራት ነበር። ሆድ ካገር ይሰፋል ይባላል። የኔ ሆድ አንድ የቤንዚን ፖምፓ፣ አንድ የጎማ ቱቦና አንድ ሰው ደብቆ ሃያ ዓመት ኖሯል።

ያኔ ቄራ አካባቢ ባለ አንድ ጋራዥ የሞተር ሠራተኛ ነበርኩ። ሞተር በጆሮዬ እመረምራለሁ ባይ፣ "አላውቅም" ማለትን እንደ ስድብ የምቆጥር ሰው። ጋሽ ወርቁ የሚባሉ የካዛንቺስ ሰው፣ የጂኦግራፊ መምህር፣ አሮጌ የጣሊያን መኪናቸውን አመጡልን። ሞተሯ አብቅቶለታል። ከተጋጨች የጃፓን መኪና ላይ የወረደ ሞተር ገዝተው ነበርና እሱን ግጠሙልኝ አሉ። ልጃቸው ልትዳር ነው፤ ሰርጉ ዓቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ነው፤ ካመለጠ እስከ ፋሲካ መጠበቅ ሊሆን ነው። "ልጄን በዚህች መኪና ነው የምሸኛት፣ አደራ" አሉኝ። አደራ ያሉት እኔን ነው። ሌላ ሰው አላሉም።

አዲሱ ሞተር ካርቡራቶር የለውም፤ ቤንዚን በኃይል ተገፍቶ እንዲደርሰው ይፈልጋል። የመኪናዋ የድሮ ፖምፓ ለዚህ አቅም የለውም። ስለዚህ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሌላ ፖምፓ መምረጥ ነበረብኝ። የትኛውን? ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሄጄ ሦስት አስቀረብኩ። ያኔ ብዙዎቻችን የምንለካው በአውራ ጣት ነበር፤ ፖምፓውን ባልዲ ቤንዚን ውስጥ ነክሮ፣ ከባትሪ አገናኝቶ፣ አፉን በጣት መድፈን። ጣት ከገፋ ጎበዝ ነው። ሁለቱን በጣቴ ደፍኜ ያዝኳቸው። ሦስተኛው ጣቴን ገፍቶ ሸሚዜን በቤንዚን አጠበው። ሳቅኩ። እሱን መረጥኩ። ከምን መኪና እንደወጣ፣ የመኪናዋ ቱቦ ይችለው እንደሆነ አልጠየቅኩም። ዛሬ ሳስበው ያ ሳቄ ያመኛል።

ሰለሞን የጋራዡ ኤሌክትሪሻን ነው፤ ዝምተኛ፣ እጁ ንጹሕ። ፖምፓውን ሲያይ ግንባሩን ቋጠረ።

"ይሄ ነገር ኃይለኛ ነው" አለኝ። "የድሮውን ቱቦ አውጣና ወፍራሙን አስገባ። ደግሞ ሞተሩ ሲጠፋ ፖምፓውም አብሮ እንዲጠፋ አድርጌ ነው የምሠራው። ማለቴ፣ ዝም ብለን ከቁልፉ ጋር ካገናኘነው ሞተሩ ቆሞም እሱ ቤንዚን መግፋቱን አይተውም። ሰኞ እሠራዋለሁ፤ በቃ፣ አትንካው።"

ሐሙስ አክስቱ አርፋ ደብረ ብርሃን ለለቅሶ ሄደ። አርብ ጋራዡ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ለሰርጉ ገና ዘጠኝ ቀን ነበረው። ማንም አላጣደፈኝም። "ቅዳሜ ይነዷታል" ብዬ ለጋሽ ወርቁ የፎከርኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ፉከራዬን ላለማጠፍ ብዬ ቱቦውን ሳልቀይር ቀረሁ። ሽቦውንም ራሴ ቀጠልኩት፤ ከቁልፉ በቀጥታ። ሞተሩ ገና ስነካው ተነሳ። የቤንዚን ሽታ ነበር። ከቱቦው ይሁን ከልብሴ ጎንበስ ብዬ ማየት እችል ነበር። ጎንበስ ማለት ምን ይጎዳኝ ነበር? አላየሁም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካዛንቺስ ዳገቱ ላይ መኪናዋ ጠፋችባቸው። ቱቦው ወልቆ ነበር። ጋሽ ወርቁ ይህን በምን ይወቁ? ቁልፉን ሳይዘጉ ወርደው ኮፈኑን አነሱ። የመረጥኩት ፖምፓ የጋለው ሞተር ላይ ቤንዚን እየረጨ ነበርና በአንዴ ተቀጣጠለ። ሰዎች በጃኬት እሳቱን አፍነው ሲያወጧቸው ሁለት እጃቸው ተቃጥሏል። በሰርጉ ቀን ልጃቸው ጉልበታቸውን ስትስም የመረቋት በፋሻ በተጠቀለለ እጅ ነው። ከዚያ ወዲያ ጠመኔ ይዘው አላስተማሩም።

"ሾርት አድርጎ ነው" አለ ያየ ሁሉ፤ የተቃጠለው ሽቦ ይታያላ። ሰማሁ፤ ዝም አልኩ። ነገሩ ክስ እንዳይሆን ሽማግሌዎች በጋሽ ወርቁ ግቢ ተቀመጡ። ሰለሞን፣ "እኔ ፖምፓውን አልነካሁም፤ ሰኞ ልሠራው ነበር" አለ። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ ምን ትላለህ፣ ልጄ?"

"እኔ የሞተር ሰው ነኝ" አልኩ። "የኤሌክትሪክ ሥራ የሱ ነው።"

አያችሁ? አንዲት የሐሰት ቃል የለባትም። በሕይወቴ ከዋሸኋቸው ሁሉ የከፋችው ግን እሷ ናት፤ ሽቦውን ሰለሞን ለቅሶ ሳይሄድ በፊት የቀጠለው መሰላቸው።

ሰለሞን የመኪና ሽቦ ሁለተኛ አልነካም። "እሳት ያስነሳው" ተብሎ ቄራ ውስጥ ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። አሁን ስታዲየም አጠገብ የአንድ ሕንፃ ጥበቃ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሳየው አንገቴን እደፋለሁ። ጋሽ ወርቁ አርፈዋል። ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ባለቤታቸው፣ "ለመኪናዬ የደከመልኝ ልጅ ይልህ ነበር" አሉኝ። ቆሜ ተቀበልኩት። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ፈርቼ ነው ማለትም እፍረት ነው፤ የፈራሁት ስሜን ነው፣ የሰለሞን ስም ግን ሲቃጠል አየሁ።

አንድ ነገር አስቀርቻለሁ። እሱንም ልናገር፤ ግማሹን የደበቀ ኑዛዜ ምኑ ኑዛዜ ነው?

ሽማግሌዎቹ ሰለሞንን፣ "ጥፋቱ ያንተ ሆነም አልሆነ፣ እኛን አክብረህ ይቅርታ ብትጠይቅ አታንስም" አሉት። እንደ አገራቸው ወግ ድንጋይ ተሸክሞ ጋሽ ወርቁ እግር ላይ እንዲወድቅ ተስማሙ። ድንጋዩን እንዳመጣ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። አጥሩ ሥር ጥቂት ድንጋዮች ነበሩ። አንድ በአንድ እያነሳሁ መዘንኳቸውና ቀላሉን መረጥኩለት። ደግነት መስሎኝ! ትከሻው ላይ ሳደርግለት ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ፣ "ቀለል ያለውን ነው ያመጣሁልህ" አልኩት።

አልተቆጣም። ዓይን ዓይኔን አየኝና ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ "ካልከበደ አንተ ለምን አትሸከመውም?" አለኝ።

ጊዜ ሰጥቶኝ ነበር። ድንጋዩን እንደተሸከመ፣ እርምጃ ሳያነሳ፣ ቆሞ ጠበቀኝ። እኔም እንዲያልፍ ገለል አልኩለት።