የሰኪና እናት መቃብር

አርሜንያ ውስጥ ያለችው የሆቫዞር መንደር ሰዎች አረቭሃትን ሲያሟት «የሙታን ዘበኛ» ይሏታል። እውነትም ሥራዋ የዘበኛ ነው። በየዓመቱ ሣሩ ሲደርቅ ማጭዷን ይዛ ከመንደሩ በላይ ወዳለው የአዘርባይጃኖች መቃብር ትወጣለች፤ ታጭዳለች፤ የገቡ ላሞችን በድንጋይ ታባርራለች። እዚያ የተቀበረ አንድም ዘመድ የላትም።

ነገሩ የመጣው ከቤት መለዋወጡ ነው። አርመኖችና አዘርባይጃኖች መፋጀት ሲጀምሩ፣ አዘርባይጃን ውስጥ የነበረው የእሷ የአርመኖች መንደርና እዚህ የነበሩት አዘርባይጃኖች ሽማግሌ ልከው ተማከሩ፤ ቤት ለቤት ተለዋውጠው ደም ሳይፋሰሱ ተላቀቁ። ለአረቭሃት የደረሳት ቤት እመቤት ሰኪና ትባል ነበር። ምድጃው በየት በኩል እንደሚያጨስ፣ የትኛው የፖም ዛፍ ትል እንደሚበዛበት ካሳየቻት በኋላ እናቷ መቃብር ላይ ወሰደቻት። አረቭሃትም እዚያ ማዶ፣ ገና ድክ ድክ እያለች ኩፍኝ የወሰደባትን ሴት ልጇን ቀብራ ነው የመጣችው። ያንቺን መቃብር እኔ ልጠብቅ፣ የኔን አንቺ ተባብለው ተላቅሰው ተለያዩ። ጆርጂያ ባለ አንድ ነጋዴ በኩል የሰኪና ወሬ አልፎ አልፎ ይደርሳት ነበር። ከመጨረሻው ጦርነት ወዲህ ግን ጭጭ ነው።

በዚያ ጦርነት የጎረቤቷ የሳሱን አንድያ ልጅ፣ ዛቬን፣ እንደወጣ ቀረ። ሬሳውም አልመጣም። ሳሱን ከዚያ በኋላ ሰላምታ እንኳ ይከብደው ጀመር።

አንድ ቀን ጠዋት ትራክተሩ ላይ ሰንሰለት ጭኖ ወደ ላይ ሲያቀና አየችው። የታመመ ጉልበቷን እየረገመች በአቋራጩ ወጣች። ስትደርስ ሰንሰለቱ የሰኪና እናት ድንጋይ ላይ ተጠምጥሟል። በትራክተሩና በድንጋዩ መካከል ገብታ፣ ድንጋዩን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«እትዬ፣ ይነሱ።»

«አልነሳም።»

ሞተሩን አስጓራው። ሰንሰለቱ ተወጠረ፤ ድንጋዩ ከጀርባዋ ንቅንቅ ሲል ተሰማት። ከወደቀ የሚወድቀው እሷ ላይ ነው። ፈራች፤ ግን አልተነሳችም።

«የልጅዎን ድንጋይ የተዉልዎት መስሎዎት ነው?» አላት። «ይሄኔ የበረት መሠረት አድርገውታል። ቆሟል ብሎ ማን ነገረዎት?»

ማንም አልነገራትም። እሷም ይህንኑ ስታሰላስል ስንት ጊዜ እንቅልፍ አጥታለች። ሳሱን ሞተሩን እንደገና ሲረግጠው ልትናገረው የማትፈልገው ነገር ከአፏ ወጣ።

«ዛቬን እዚያው ነው ያለው፣ ሳሱን። አፈር ያለበሰው ሰው ካለ ከነሱ አንዱ ነው። ይሄን ገልብጠህ ያንን ሰው በምን ዓይንህ ልታየው ነው?»

ክፉ ነገር እንደተናገረች ገባት። ሳሱን ፊቱ አመድ መሰለ። ዘሎ ወረደና ወደ እሷ መጣ፤ እጄን ይዞ ሊጎትተኝ ነው ብላ ድንጋዩን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። እሱ ግን አጠገቧ ሲደርስ ቆመ። ትራክተሩ ከኋላው እየጮኸ ነው። ተመልሶ አጠፋውና ትንፋሹ እስኪመለስ ጎማውን ተደገፈ።

«አፈር አልብሰውት ይሆን?» አላት።

አረቭሃት ምን ታውቃለች? የራሷን ልጅ ነገር እንኳ አታውቅም።

«አልብሰውታል» አለችው።