አባዬ ሞተሩን እስኪያጠፋ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ስምንተኛ ክፍል ደርሼ ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ እስክሪብቶ የምይዘው ለመፈረም ብቻ ነው፣ ሰው ፊት መናገርም ስለሚያሳፍረኝ ይህን ነገር ለማንም አላወራሁትም። ባለፈው ሰሞን ግን ከምሠራበት ዓሣ ቤት በር ላይ አንድ የጭነት መኪና ዳገቱን ጨርሶ መጥቶ ቆመና፣ የጋለ ብረትና የሞተር ዘይት ሽታ በመስኮት ገብቶ ከመጥበሻው ሽታ ጋር ሲደባለቅ፣ ሳህን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። «አንቺ ልጅ፣ ዓሣው እኮ ሊበርድ ነው!» ብለው ደንበኞች ሲስቁብኝ ነው የነቃሁት። ያ ሽታ የአባዬ ጃኬት ሽታ ነው።

አባዬ ይመር ይባል ነበር፣ ሹፌር ነበር። መኪናው የራሱ ነበረች፤ ሰማያዊ ቀለሟ የተላጠ፣ መቀመጫዎቿ በገመድ የታሰሩ አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶብስ። ከሐይቅ ከተማ ተነሥታ የአምባሰልን ገጠር ታመላልስ ነበር፣ በመስከረም ደግሞ ለግሸን ንግሥ የሚሄደውን ሕዝብ ጭና ተራራው ሥር ድረስ ታደርስ ነበር። በክረምት፣ ጭጋጉ ከሐይቁ ላይ ተነሥቶ እስከ ደጃችን ሲደርስ፣ መኪናዋን ከማየታችን በፊት ፉጨቷን እንሰማ ነበር። ቀጭን፣ ቀስ እያለ የሚጨምር ፉጨት ነው፣ ከቱርቦዋ ይወጣ ነበር። እኔና ታናሽ እህቴ ፉጨቱን ስንሰማ ተሯሩጠን እንወጣለን፣ ነገር ግን አንጠጋም ነበር፤ በቤታችን ደንብ ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ አባዬ ገና እንደ መንገደኛ ነበር የሚቆጠረው።

መኪናዋን ግቢ አስገብቶ ያቆማታል፣ ሞተሩን ግን አያጠፋውም ነበር። መሪውን ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በአምባሰል ዜማ ለራሱ ብቻ ያንጎራጉር ነበር። ግጥሙ የራሱ ነው፤ የዚያን ቀን ተሳፋሪዎችን፣ ጭቃውን፣ መንገድ የዘጋበትን በሬ እያነሣ እዚያው የሚገጥመው ነው። ሰዓት አያይም ነበር። ሜዳውን ብቻ ሄዶ ከመጣ ዘፈኑ አጭር ነው፣ ዳገት ወጥቶ ከመጣ ይረዝማል፣ ሲጨርስ ቁልፉን አዙሮ ይወርዳል። እማዬ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጥላ በሩ ላይ ቆማ «እኔ ሚስትህ ዝናብ እየመታኝ አንተ ለብረት ትዘፍናለህ!» ስትለው፣ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ዘነቡ፣ አንቺ ብትቆጪ ትታረቂኛለሽ፣ እሷ ግን እርቅ አታውቅም» ይላት ነበር።

ሞተሩን ወዲያው እንዳያጠፋ ያስተማረው ጓደኛው ጋሼ ሰይድ ነው። ጋሼ ሰይድ መካኒክ ነበር፣ እጁ ሁልጊዜ ጥቁር፣ አፉ ሁልጊዜ ለጨዋታ የተከፈተ። አንድ ቀን ኮፋኖውን ከፍቶ ሲሠራ ከአባዬ ኋላ ተደብቄ ሳይ አየኝና ጎትቶ አቀረበኝ። «ነይ፣ አትፈሪ። ይቺን ቀንድ አውጣ የመሰለች ታያታለሽ? ቱርቦ ማለት እሷ ናት። ሞተሩ የሚተፋው የጋለ ጭስ በውስጧ አልፎ መዘውሯን ያሽከረክረዋል፣ መዘውሯ ደግሞ ለሞተሩ አየር እየነፋ ጉልበት ይሰጠዋል። ዳገት ላይ እንደ ፍም ትቀላለች።»

«አትቃጠልም?» አልኩት፣ ድምፄን በጭንቅ እስኪሰማ ድረስ ቀንሼ።

«ዘይቱ ያበርዳታላ! ሞተሩን በትኩሱ ካጠፋሽው ግን ዘይቱ ይቆማል፣ እሷ ገና እንደጋለች ናት፣ ዘይቱ እላይዋ አሮ ይደርቅና መዘውሩን ይይዘዋል። እንደ በቅሎ አስቢያት። ከዳገት የመጣችን በቅሎ ወዲያው አታስሪያትም፣ እያንሸራሸርሽ ላቧን ታደርቂላታለሽ።» ይህን እያለኝ ከቱርቦዋ የሚወጣውን ቧንቧ እሳት በማይበላው ጨርቅ ይጠቀልል ነበር፣ ሙቀቱ ሽቦዎቹን እንዳያቀልጥና የሹፌሩን እግር እንዳይፈጅም በመሐል ቆርቆሮ አበጅቶ አስገባ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞሮ፣ ሳይስቅ፣ «ይመር፣ ይቺ ነገር አርጅታለች። ካሁን በኋላ አንድ ቀን በትኩሱ ብታጠፋት አትነሣልህም» አለው።

አባዬ ያን ነገር ከሁላችንም በላይ የፈራበት ምክንያት ነበረው። ደሴ ያሉ አንድ ሰው ከባድ መኪና ነበራቸውና በጅቡቲ መስመር እንዲነዳላቸው ደጋግመው ይልኩበት ነበር፣ እሱም «እኔ ልጆቼን በስልክ አላሳድግም» እያለ ይመልሳቸው ነበር። የጅቡቲ ሹፌር ቤቱን በወር አንዴ እንኳ ቢያይ ዕድለኛ ነው። ቅጥቅጧ እስከሄደች ድረስ አባዬ ማታ ማታ ይገባል፣ እሷ ከቆመች ግን መሄዱ እንደማይቀር እኔም እህቴም እናውቅ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ የግሸን ንግሥ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ አባዬ ጋቢና አስቀምጦ ወደ አምባሰል ይዞኝ ወጣ። መኪናዋ በሐይቅ ገበያ ውለው አድረው በሚመለሱ ሰዎች፣ በጨው ከረጢትና እግራቸው በታሰሩ ዶሮዎች ጢም ብላ ነበር። ዳገቱን ሙሉ በሁለተኛ ማርሽ ወጣነው፤ ፉጨቱ እየቀጠነ ሄደ፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን አልፎ ከእግሬ ሥር ይሰማኝ ነበር። ከኋላ አንድ ሰው «ይመር፣ ወርደን እንግፋልህ እንዴ?» ሲለው፣ አባዬ «መግፋቱ ይቅርና ወርደህ ከፊት ከፊት ሩጥልኝ፣ መንገድ ታሳየኛለህ» አለው፣ ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ዳገቱን ጨርሰን ከኩርባው ላይ ስንታጠፍ ከፊታችን ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች መንገዱን ሞልተው መጡ። «ላ ኢላሀ ኢለላህ» የሚለው ድምፅ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ይሰማ ነበር። በእኛ አገር ሬሳ ያጋጠመው ሹፌር ዳር ይዞ ይቆማል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ ተሳፋሪው ይወርዳል፣ ወንዶቹም ጥቂት መንገድ ይሸከማሉ፤ የክርስቲያን ይሁን የእስላም አይጠየቅም። አባዬ ዳር ይዞ ቆመ። «የማን ነው?» ሲል ከኋላ አንዱ በመስኮት ጠየቀና «ሸህ ሙሄ ናቸው፣ የመካኒኩ የሰይድ አባት፣ ሌሊቱን አረፉ» ብለው መለሱለት። እኛ ከሐይቅ የተነሣነው በማለዳ ስለነበር መርዶውን አልሰማንም። ጋሼ ሰይድ የቃሬዛውን የፊት እጀታ ትከሻው ላይ አድርጎ ይመጣ ነበር።

«ልጄ፣ አጥፋው እንጂ፣ ሬሳ እኮ ነው» አሉ አንዲት ጨው የያዙ እናት። አባዬ እጁን ቁልፉ ላይ አድርጎ ቆየ። ሞተሩን ብቻውን እየሠራ ትቶ ቢወርድ ማን ይፈርድበት ነበር፣ ግን አልወረደም። እኔ «አባዬ፣ ገና አልዘፈንክም» አልኩት። እጁን ከቁልፉ አንሥቶ ራሴ ላይ አደረገ፣ «ዛሬ የሚዘፈንበት አይደለም፣ ልጄ» አለኝና ቁልፉን አዞረው።

ፉጨቱ ወርዶ ወርዶ ጠፋ። የጋለው ብረት ቋ፣ ቋ ሲል ብቻ ይሰማኝ ነበር። አባዬ ኮፍያውን አውልቆ ወረደ፣ በሰዉ መሐል አልፎ ከጋሼ ሰይድ ጎን ትከሻውን ሰጠ። ቃሬዛው በጋቢናው መስኮት ሥር እያለፈ ስለነበር ሲነጋገሩ ሰማኋቸው። ጋሼ ሰይድ ዓይኑ እያለቀሰ አባዬን ሳይሆን መኪናዋን ያይ ነበር።

«ይመር፣ ምን ነካህ? በትኩሱ?»

«ዝም ብለህ አባትህን ተሸከም» አለው አባዬ።

ከቀብር ተመልሶ ሲያስነሣት ፉጨቱ አልነበረም። ቢላዋ ድንጋይ ላይ እንደሚጎተት ዓይነት ድምፅ ወጣ፣ ሰማያዊ ጭስ ከኋላችን ተነሣ፣ ጉልበቷም ከድቷት ነበር። ተሳፋሪዎቹ «አይዞህ፣ በእግራችን እንገባለን» ብለው ከረጢታቸውንና ዶሯቸውን ይዘው ወረዱ፣ እኛም ባዶዋን ይዘናት ቀስ እያልን ወደ ሐይቅ ወረድን።

እማዬ ያን ምሽት በጣም ተቆጣች። «ለሞተ ሰው የሞተር ድምፅ ምን ያደርገዋል? ሸህ ሙሄ እንደሁ አይሰሙ!»

«ሰይድ ይሰማል» አለ አባዬ። በማግስቱ እማዬ ጥቁር ነጠላዋን ለብሳ ከሁሉ ቀድማ ለቅሶ ደረሰች።

የግሸን ንግሥ እንዲሁ አለፈ። አውቶብሶቹ ሰው ጭነው በደጃችን ሲያልፉ ክላክስ እያሰሙ አባዬን ሰላም ይሉት ነበር፣ እሱም አጥሩን ተደግፎ እጁን እያነሣ ይመልስላቸው ነበር። የደሴው ሰው ነገሩን ሰምተው ወዲያው ላኩበት። አባዬ ካሁን ቀደም እንደሚመልሳቸው አልመለሳቸውም፣ «እስከ በልግ ታገሡኝ» አለ እንጂ። እኔ ይህን እንደሰማሁ የመንገድ ሻንጣውን ወስጄ ከማገዶው ክምር ጀርባ ደበቅኩት። እማዬ ማገዶ ስታነሣ አገኘችው፣ አየችኝ፣ ከዚያ ማገዶውን መልሳ ደራረበችበት።

በጋውን ሙሉ ጋሼ ሰይድ ከጁምዓ ሶላት መልስ ወደ ግቢያችን ይመጣ ነበር። ቱርቦዋን ፈታት፣ በውስጧ ያረረውን ዘይት በሽቦ ፋቀው፣ መዘውሩ ግን አልዞር አለ። ደሴንም ኮምቦልቻንም ዞሮ ምትክ ፈለገ፣ ያገኘው ሁሉ ወይ አይገጥምም ወይ ከእሷ የባሰ ያረጀ ነበር። እማዬ መጀመሪያ ሰሞን ሰላምታዋን አሳጥራበት ነበር፣ በኋላ ግን እሱ በመጣ ቁጥር ከአጥማጆች ዓሣ ገዝታ ትጠብስለት ጀመር። የእኛን ሥጋ እሱ አይበላም፣ የእሱንም እኛ አንበላም፣ ዓሣ ግን ከሐይቁ እንደወጣ ለሁላችንም ይሆናል። «ና ብላ፣ ይሄ የሚባርከው አያሻም» ትለው ነበር ፊቷን አዙራ። እሱም «እታለም፣ ተቆጥተሽ እንዲህ ካጣፈጥሽው፣ የታረቅሽኝ ቀን ምን ልትሠሪ ነው?» ሲላት እየሳቀች ወደ ጓዳ ትገባ ነበር።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር ከደሴ የመጨረሻው መልእክት መጣ፤ አባዬ በዚያ ሳምንት ካልመጣ ሌላ ሹፌር ሊቀጥሩ ነው። አባዬ ሻንጣውን ፈልጎ አጣው፣ ማንም ትንፍሽ አላለም። በዚያው ዕለት ጋሼ ሰይድ በዝናብ ርሶ ገባና ሳይቀመጥ «ይመር፣ ወላሂ ቱርቦ አላገኘሁም፣ የማገኝም አይመስለኝም። አውጥቼ ልጣላት። ጭሱን በቀጥታ በማርሚታው ወደ ውጭ ልስደደው፣ ነዳጇን ልቀንስላት፣ ትሄዳለች። ግሸንን ግን እርሳው፣ የአምባሰልን ዳገትም እርሳው» አለው።

አባዬ «ሜዳ ለሜዳ ታዞረኛለች?» አለው።

«ታዞርሃለች፣ አብሽር። ከብት ግን ይቀድምሃል።»

እማዬ መጥበሻውን እንደያዘች ከጓዳ ብቅ አለች። «ይቅደመው!» አለች።

በዚህ አለቀ። ደሴ «አልመጣም» ተብሎ ተላከላቸው፣ ሻንጣው ከማገዶው ጀርባ ወጥቶ የእህል መያዣ ሆነ። ቅጥቅጧ ሁለተኛ አላፏጨችም። በሐይቁ ዳር ሜዳ ለሜዳ፣ በግማሽ ጭነት፣ እየጎተተች ትመላለስ ነበር፤ የሚቀድሟት ሹፌሮች «ይመር፣ ደህና እደር፣ ነገ እንገናኝ!» እያሉ ያልፏት ነበር። አሁን የሚበርድ ነገር ስላልነበራት አባዬ ግቢ እንደገባ ወዲያው ያጠፋት ጀመር፣ እኛ ገና ሳንወጣ በሩ ላይ ቆሞ እናገኘው ነበር። አንድ ማታ እማዬ የእጅ መታጠቢያ ውሃ እያፈሰሰችለት «ዘፈኑስ?» አለችው። «ለማን?» አላት። «እኛስ ለምደነው የለ?» ስትለው አፍሮ ሳቀ፣ ከዚያ ወዲህ እየታጠበ ያንጎራጉርልን ነበር።

አሁን ዓሣ ቤታችን ደጅ ላይ ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚመጡ ወጣቶች ዝቅ ያሉ፣ የሚያብረቀርቁ ፈጣን መኪኖች ያቆማሉ። በቀደም አንዱ ኮፋኖውን ከፍቶ ለጓደኛው ሲያሳየው ሰማሁ፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ውስጡ ያለ ነገር ውሃ እያዞረ፣ ማራገቢያውም እየነፋ ቱርቦዋን ብቻቸውን ያበርዷታል። «ቁልፉን ነቅለህ መሄድ ነው» አለው። ጥሩ ነገር ነው። ያኔ አባዬ እንዲህ ያለች መኪና ቢኖረው ለሸህ ሙሄም አጥፍቶ ግሸንም ይወጣ ነበር። ልጁ በሩን ዘግቶ ስልክ እያወራ ገባ፣ መኪናው ማንም ሳይኖርበት ደጅ ላይ ሲያጉረመርም ቆየ። እኔም ዓሣ እያቀረብኩ፣ ስንቱን ማታ ደጅ ቆመን እንዳሳለፍን ሳስብ፣ ያኔ ጥበቃው ረዝሞብኝ እንደማያውቅ ትዝ አለኝ።

አምና አባዬ ታሞ ተኝቶ ሳለ፣ ዓመታት ሙሉ አፍሬ የተውኩትን ጥያቄ ጠየቅሁት። «አባዬ፣ ያን ቀን ባላጠፋሁት ብለህ ታውቃለህ?» አልኩት። ሳል እያቋረጠው ሳቀ፣ «ምን ላድርግ ታዲያ፣ ሞተሬን እያስጮህኩ የሰው አባት ላስቀብር?» አለኝ። ጥቂት ቆይቶም «ጅቡቲ ግን ይሞቃል አሉ» ብሎ ራሱ በራሱ ነገር ሳቀ። ወደ ሥራ የምሄድበት ሰዓት አልፎ ነበር፣ መነሣት አቃተኝና ብርድ ልብሱን ደጋግሜ አለባብሰው ነበር። አይቶኝ እጄን ያዝ አደረገኝ። ከሥራ ስመለስ አርፎ አገኘሁት፣ የነገረኝ የመጨረሻው ይህ ነው፦

«ሂጂ ልጄ፣ ሰው አታስጠብቂ፤ እኔ እንደሁ የትም አልሄድም።»