የአሰብ ዓሣና የሙፊዳ ምላስ

ደምሰው እንግዳ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአሰብ አዲስ አበባ ነዳጅ ያመላለሰ የቦቴ ሾፌር ነበር። ወገቡ ሲከዳው መሪውን አስረክቦ ላፍቶ ዳር ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤቱ ተቀመጠ። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት አልፏታል፤ ልጅም አልወለዱም። ሌላው ጡረታ ሲወጣ የግድግዳ ሰዓት ይሸለማል፤ ደምሰው ግን ራሱን ዓሣ ሸለመ። በመጨረሻው ጉዞው አንድ የአሰብ አጥማጅ የሰጠውን፣ አውራ ጣት የማታክል፣ አረንጓዴ ላይ ሰማያዊ የተረጨባት ዓሣ በጀሪካን ይዞ ገባ። ስም አላወጣላትም፤ «እቴ» ይላታል።

ሰላማዊ ፍጡር ነበረች። ወንድም ወንድሙን በሚጠረጥርበት በዚያ ዘመን፣ ከአዲስ አበባ ነዋሪ መሃል ማንንም ያልነካችና ማንንም ያላጋለጠች እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። አጥማጁ «ይቺ በመንጋ ነው የምትኖረው» ብሎት ነበር። መንጋው ጀሪካን ውስጥ አይገባም። ስለዚህ መንጋዋ ደምሰው ሆነ።

መንጋ መሆን ቀላል ሥራ አይደለም። መስታወት ቆራጭ ዘንድ አንድ የመስታወት ሣጥን አሠራላት። የላፍቶ ብርድ እንዳይገድላት የመቶ ሻማ አምፖል ከበላይዋ ሰቀለ፤ እሱ ራሱ በሌላው ክፍል በኩራዝ ያመሻል። ውሃው አየር እንዲያገኝ ከንጋት ጀምሮ በጣሳ እየቀዳ ከላይ ያንቆረቁርላታል፤ ክንዱ የቦክሰኛ ክንድ አህሎ ነበር። የተቀቀለ አስኳል በጣቱ እያደቀቀ ያጎርሳታል። ያን ጊዜም ያወራታል፦ «እቴ፣ ብዪ እንጂ። ምነው ዛሬ?»

ግድግዳው ጭቃ ነውና ሰፈሩ ይሰማል። ደምሰው በሩን ለማንም ስለማይከፍት፣ ግማሹ ሰፈር የሸሸች የባላባት ልጅ ደብቋል አለ፤ ግማሹ ደግሞ ሁለት ናቸው ብሎ ማለ። አንድ ቀን የቀበሌው ጥበቃ ቀጄላ ጠመንጃውን አንግቶ ገባ። አልጋ ሥር አየ፣ ቁም ሣጥን ከፈተ፣ በመጨረሻ መስታወቱ ፊት ተገተረ።

«ይቺ ተመዝግባለች?»

«ዓሣ እኮ ናት፣ ጓድ ቀጄላ።»

«ዝም ትላለች?»

«ዘወትር።»

«ጥሩ ዜጋ ናት» ብሎ ወጣ። ያየውን ግን ለማንም አልተናገረም፤ ዓሣ ለማሰር ሄዶ መመለሱን ማን ይናገራል?

በሦስተኛው ወር ዓሣዋ መብላት አቆመች። ድንጋይዋ ሥር ተሸጉጣ ጉሮሮዋ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ደምሰው ደነገጠ። ቤቱ ውስጥ ከእሷ በቀር «ደህና አደርሽ» የሚላት ነፍስ የለችም። እሷ ከሞተች አፉን የሚከፍተው ለማዛጋት ብቻ ነው።

ጥፋት የሠራ አልመሰለውም። አምፖሉ ውሃውን እያተነነ ባጎደለ ቁጥር፣ የድሮ ባልደረባው ጉርሜሳ በየሁለት ሳምንቱ በጀሪካን ቀድቶ በቦቴው በሚያመጣለት የአሰብ ባሕር ውሃ ይሞላላታል። የቧንቧ ውሃማ በደጇም አያልፍ! አሁን ስትታመም የባሰውን አደረገ፤ የባሕር ውሃው አንሷት ነው ብሎ አንድ ጀሪካን ሙሉ ጨመረ። በማግስቱ በጎኗ ተኛች።

«እቴ፣ እባክሽ! ጥለሽኝ አትሂጂ!» ብሎ ሲጮህ ጎረቤቱ ባለሱቋ ሙፊዳ በሩን ደበደበች።

«ጋሽ ደምሰው! ይክፈቱ! ሴትዮዋ ታመመች እንዴ?»

ከፈተ። ሙፊዳ ገብታ ሴትዮዋን ፈለገች፤ ዓሣዋን አገኘች።

«ወላሂ፣ ሰፈሩ ሦስት ወር ሙሉ ያማው ይቺን ነው?»

«እየሞተችብኝ ነው» አለ፤ ያደረገውንም አንድ በአንድ ነገራት።

ሙፊዳ ጣቷን ውሃው ውስጥ ነክራ ላሰች። ፊቷ ተጨማደደ። ጀሪካኑንም ከፍታ ቀመሰች።

«የጀሪካኑ ጨው ነው። የዓሣዋ ግን የጨው አለቃ ነው! ውሃው ሲተን ጨው የት ይሄዳል? ክንፍ አለው? ወጥ ጨው ሲበዛበት ጨው ይጨምሩበታል?»

ደምሰው ሊቀምስ ሞከረ። ነገር ግን ሃያ ሁለት ዓመት በሲጋራ የታጠነ ምላሱ በርበሬን ከስኳር ለመለየትም ምስክር ይፈልጋል። ስለዚህ ምላሱን ከሙፊዳ ተዋሰ። እሷም ሱቋን ዘግታ፣ አፍልታ ያቀዘቀዘችውን ውሃ ይዛ በየማታው ትመጣለች። ዓሣዋ እንዳትደነግጥ አንድ ጣሳ ቀድተው ያወጣሉ፣ አንድ ጣሳ ቀስ ብለው ይጨምራሉ። ሙፊዳ ትቀምሳለች፣ ትተፋለች፣ የገበያውን ወሬ ታወራለች። ደምሰውም ስለ አሰብ ሙቀት እንዲህ ሲል ነገራት፦ «ጥላህ ራሱ ጥላ ፍለጋ ትቶህ ይሄዳል።» ስትስቅ ቤቱ የማያውቀው ድምፅ ሆነበት።

በአራተኛው ቀን ዓሣዋ ተቃናች። በስድስተኛው አስኳል ጎረሰች። በሰባተኛው ሙፊዳ ከሣጥኑም ከጀሪካኑም ቀምሳ፣ «አንድ ሆነ» አለች።

«በደንብ ቅመሺው እንጂ።»

«አንድ ነው፣ ጋሼ። አፌም ቆሰለ።» በከሰል መስታወቱ ላይ መስመር አሰመረችለት። «ከዚህ ሲጎድል ንጹሕ ውሃ ብቻ ይጨምሩ። ከእንግዲህ ቀማሽ አያስፈልግዎትም።»

ሄደች። ውሃው ከመስመሩ በታች ለመውረድ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። ደምሰው ወንበሩን አስጠግቶ ሁለቱንም ቀን ጠበቀ። በሦስተኛው ጠዋት ሙፊዳ ሱቋን እየከፈተች በአጥሩ ላይ ተጣራች፦

«ጋሼ! ዓሣዋ እንዴት አደረች?»

ደምሰው ከአልጋው ተስፈንጥሮ ደጁ ድረስ ወጣ። የሚነግራት ብዙ ነበረው፤ ስለ አስኳሉ፣ ስለ መስመሩ፣ ያልጨረሰላት የአሰብ ወሬም ነበር። ግን የተጠየቀው ስለ ዓሣዋ ነው፤ ዓሣዋም ምንም አልሆነችም።

«ደህና ናት» አለ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለችና ወደ ገዢዋ ዞረች።