የእጮኛዬ የሥልጠና ደብተር

ቆሰበር ከተማ በማስተምርበት ዘመን ላገባው የነበረው ሰው ደብተሩን ያቀበለኝ የሠርግ ተጋባዦችን ስም እንድጽፍበት ነበር። ሽማግሌ ልኮ፣ አባቴም ለመልሱ የአሥራ አምስት ቀን ቀጠሮ ሰጥቷል። እኔ ከወደድኩት ቆይቻለሁ፤ የቀረው የአባቴ እሺታ ነበር።

ደብተሩን ከጀርባ በኩል ገለጥኩት። ከወራት በፊት ባሕር ዳር ሄዶ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ነበር፤ «የሰውን አእምሮ በቃል መምራት» የሚሉት ነገር። ያኔ አሠልጣኝ ነኝ ባይ እንደ አሸን የፈላበት ጊዜ ስለነበር ስቄ አልፌዋለሁ። አሁን ግን ገጹ አናት ላይ የስሜን የመጀመሪያ ፊደል አየሁ። ከሥሩ «መስታወት፦ ፀጉሯን ስትነካ ትንሽ ቆይተህ ፀጉርህን ንካ። አተነፋፈሷን ተከተል» ይላል። ቀጥሎ «እውነት የሆኑ ሦስት ነገሮች ንገራት፤ ሦስቱን ከተቀበለች የምትፈልገውን አራተኛ አድርገህ አስከትል።» ዘንገና ሐይቅ ዳር ተቀምጠን «ነፋሱ ቀዝቅዟል፣ ውኃው ጸጥ ብሏል፣ ደክሞሻል፣ እኔ ጋ ስትሆኚ ታርፊያለሽ» ያለኝ ትዝ አለኝ። እኔ ሞኟ ፍቅር ያናገረው መስሎኝ! አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ ይባላል፤ የዚህ ግን ቅቤውም በማንኪያ የተለካ ነበር።

የባሰው መጨረሻው ነው። «መልህቅ፦ ስሜቷ ሲነካ ግራ እጇን አንጓው ላይ ያዝ። ከተደጋገመ መያዙ ብቻ ስሜቱን ይመልሰዋል። የእናቷ ወሬ ይሠራል።» የእናቷ ወሬ ይሠራል! ስለ እናቴ ሞት እያወራሁ ሳለቅስ እጄን የያዘኝ ለካ እየተለማመደብኝ ነው። እጄን በሳሙና ሁለቴ ታጠብኩ፤ የሚለቅ ነገር ግን አልነበረም።

ስጠይቀው እንኳ አላፈረም። «ተናደሻል፣ ልክ ነሽ፣ እኔም ብሆን እናደድ ነበር...» ብሎ ጀመረ። ሦስት ቆጠርኩ። አራተኛውን ሳልሰማ ባጃጅ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ መጡ። ለአባቴ ነግሬዋለሁ፤ የመልህቁን ነገር ለማስረዳት ግን አንድ ምሽት ሙሉ ፈጅቶብኛል። አንዱ ሽማግሌ «ምን በደላት? ሰደባት? መታት? እጅ መያዝ ከመቸ ወዲህ ነው ነውር የሆነ?» አሉ። ዕድሜውን ፈረስ ሲገራ የኖረው አባቴ ብድግ አለ።

«እኔ ፈረስ ስገራ ልጓሙን አሳይቸ ነው። አይቶ ይራገጣል፤ ካልፈለገም ይጥለኛል። ይኸ ሰው ልጄን ሳታውቅ ነው የገራት። በሉ፣ ደህና ዋሉ።»

ሽማግሌዎቹ ወጡ፤ ነገሩም በዚያው አበቃ። እኔ ላይ ግን አላበቃም። በሕይወቴ እንደ እሱ ዐይን ዐይኔን እያየ ያዳመጠኝ ሰው አልነበረም። ለምን ያዳምጠኝ እንደነበር እያወቅሁ ለወራት ናፈቀኝ። ያን ሳስብ ዛሬም ራሴን እጸየፋለሁ።