የእትዬ ግማሽ ፊት

አንዲት የቆዳ ባለሙያ ልጅ ሳለች ፊቷን ብጉር በልቶ አበሳስቶት ነበርና፣ የተቀጠረችበት የውበት ሳሎን ባለቤት «ወንፊት» የሚል ስም አወጣችላት። ሠራተኞቹ ሁሉ «እትዬ» የሚሏት ይህች ሴት፣ «ወንፊት፣ ደንበኛ ታስደነግጭብኛለሽ፤ ጓዳ ግቢ!» እያለች ፎጣ ስታሳጥባት ኖረች። ልጅቱም ፎጣውን በጨመቀች ቁጥር በሐሳቧ የምታንቀው እትዬን ነበር። ምን ታድርግ? እንጀራዋ ነው፣ ቻለችው።

ቻለችው እንጂ አልረሳችውም። ከዚያ ወጥታ የቆዳ እንክብካቤ ሙያ ተማረች። ፊትን በጥቃቅን መርፌዎች መውጋትን፣ የተሸበሸበ ቆዳንም መሣሪያው ሳይነካው ፕላዝማ በሚባል የኤሌክትሪክ ብልጭታ መተኮስን ተካነች። መጀመሪያ የሞከረችው በራሷ ጉንጭ ላይ ነው። ጠባሳው ቀስ በቀስ ሞልቶ ፊቷ ለሰለሰ፤ አንጀቷ ግን አልራሰም። «እትዬ እግሬ ላይ ወድቃ በድዬሻለሁ ሳትለኝማ አልሞትም!» ትል ነበር።

አንድ ቀን እትዬ ራሷ ደንበኛ ሆና በእግሯ መጣችላት! ልጇን ልትድር ነውና ሽብሽቧን ልታስጠፋ። «የኔ ቆንጆ፣ ቆዳሽ ሲያምር! እንዳንቺ አድርጊኝ» አለቻት። አላወቀቻትም። የባለሙያዋ ደም ፈላ፣ ግን ዋጥ አደረገችው። አንዱን ጎን ጨርሳ ልዩነቱን በመስታወት ማሳየት ልማዷ ነውና፣ ማደንዘዣ ቀብታ በቀኝ በኩል ጀመረች። ጉንጯን በመርፌው ወጋች፣ የዐይን ቆቧን በብልጭታው ተኮሰች። እጇ ንቅንቅ አላለም፤ በሥራዋማ አትቀልድም።

እትዬ መስታወቱን ስታይ ጮኸች። ቀኙ ቆብ ብልጭታው የተወው ጥቃቅን ነጥቦች ጣል ጣል ቢሉበትም ሽቅብ ተሰብስቧል፤ ግራው እንደተንዘላዘለ ነው። «ኧረ ጉድ! ቶሎ በይ፣ ይሄኛውንም!»

ባለሙያዋ ጓንቷን አወለቀች። «እትዬ፣ አላወቁኝም? ወንፊት ነኝ» አለች። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ይህችን ደቂቃ ነው።

እትዬ አሰብ አደረገች። «ወንፊት... የትኛዋ? ፊቷ የተበሳሳውን ሁሉ ወንፊት ነበር እኮ የምላት። ብዙ ነበራችሁ!» ብላ ሳቀች።

አይ አለማፈር! እሷ ይህን ሁሉ ዘመን ስትቃጠል፣ ሴትዮዋ ጭራሽ አታስታውሳትም! ባለሙያዋ ከንዴቷ ብዛት እንባዋ መጣ። ማሽኑን ከሶኬቱ ነቀለች፣ በሩንም ወለል አድርጋ ከፈተች።

«ምነው ልጄ? ግማሹስ? በዚህ ፊቴ ሰርግ ላይ እንዴት ልቁም?»

«እኔ ድርሻዬን ሠርቻለሁ፤ የቀረውን ሌሎቹን ወንፊቶች ፈልገው ያሠሩ» አለቻት።