ድንጋይ ላይ የተሰጣው አረም

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ነሐሴ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ መኪና ላይ ስቀመጥ እንደ ሰው ወደ ፊት ማየት አልቻልኩም። ዓይኔ የመንገዱን ዳር ይለቅማል።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ሥራዬ የኦቦ ደገፋን ድርቆሽ ማሰር፣ መጫንና ለከብት አርቢዎች ማድረስ ነው። ኦቦ ደገፋ የሣር መሬቱ ባለቤት ናቸው። ዝምታዬን ስለለመዱት ለሁለታችንም የሚያወሩት እሳቸው ናቸው።

ካቻምና ክልሉ ለአረም ቁጥጥር ጥቂት በጀት መደበ፤ ሰናይት የምትባል ልጅም በአንድ ዓመት ኮንትራት ተቀጥራ መጣች። ማሳ እየዞረች ትፈትሻለች፤ ድርቆሽ ከመጫኑ በፊትም እስሩን ፈትታ ታያለች። የምትፈልገው ቅንጨ አረምን ነው። ሣሩን ይውጠዋል፤ የበላችው ላም ወተቷ መራራ ይሆናል።

እኛ መሬት ላይ የመጀመሪያውን ያገኘችው እሷ ናት፤ መኪኖች በሚዞሩበት ጥግ። ዘሩ በጎማ ጭቃ ተጣብቆ እንደሚመጣ ነገረችን። እጆቿን በፌስታል ጠቅልላ፣ አበባ ሳያወጣ ከነሥሩ ነቀለችው። ከዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሥሩን ወደ ላይ አድርጋ አሰጣችውና ጠጠር ጫነችበት።

«ጠጠሩ ለምንድን ነው?» አልኳት።

«ነፋስ አፈር ላይ ከጣለው በዚህ ዝናብ ተመልሶ ይበቅላላ። አንተ ደግሞ ትናገራለህ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ የምትመጣበትን ቀን መጠበቅ ጀመርኩ። የማወራት ግን ስለ አረም ብቻ ነበር። ስልኳን እንኳ አልጠየቅኳትም። ሁልጊዜ የምትመጣ መስሎኝ ነበር።

ሰኔ ሠላሳ በጀት ተዘጋ። ስትሰናበተን «አዲሱ ከተፈቀደ ሐምሌ ላይ አለሁ» አለች። ወደ ጥጉ እያመለከተች ደግሞ «ያቺን ቦታ አደራ» አለችኝ።

አረም የበጀት መዝጊያ አያውቅም። ክረምቱ ገብቶ ጥጉ ላይ ቅጠሉ ብቅ ብቅ ሲል እሷ የለችም። ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ «ገንዘቡ አልተለቀቀም» አሉኝ። ደግሜ ሄድኩ፤ መልሱ ያው ነው። እንዳሳየችኝ እያደረግሁ እኔው እነቅል ጀመር። ጠዋት ጠዋት ጥጉ ላይ ቆሜ ሲያዩኝ ኦቦ ደገፋ ከበረንዳቸው ይጣራሉ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ! የምትጠብቀው አረሙን ነው መንገዱን?»

«አረሙን ነው፣ ኦቦ።»

«ታዲያ ለአረሙ ጀርባህን ምን አሰጠህ?»

በዚያ ነሐሴ ሰበታ ላለ አንድ ወተት አምራች ድርቆሽ አደረስን። ሾፌሩ ምሳ እስኪበላ መንገድ ዳር ቆሜ ሳለ ከቦዩ አጠገብ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አየሁ። ላዩ ላይ ቅንጨ አረም ተሰጥቷል። ሥሩ ወደ ላይ ነው። ጠጠር ተጭኖበታል። ቅጠሉ ገና አልጠወለገም።

አጠገቡ በቆሎ እሸት የምትጠብስ ሴት ነበረች።

«እህቴ፣ ይህን ማን ነቀለው?»

«አንዲት ልጅ ናት። ታክሲ ስትጠብቅ አይታው ፌስታል ስጪኝ አለችኝ። ‹መንግሥት ይከፍልሻል?› ብላት ‹ድሮ› ብላ ሳቀች።»

«መቼ ነው?»

«አሁን እኮ ነው! ይሄን በቆሎ እሳት ላይ ሳኖረው ነው የሄደችው።»

«በየት በኩል?»

«እኔ እሳቴን ነው የማየው፣ ወንድሜ።»

በሁለቱም አቅጣጫ አየሁ። ሚኒባሶች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ልሄድ ስል ከበቆሎው ልጣጭ ሥር አንድ ያልታየች ቡቃያ አገኘሁ። ፌስታል ስጠይቃት ሴትዮዋ «ደግሞ አንተም?» አለችኝ። ነቅዬ ሰናይት ካሰጣችው ጎን አሰጣኋትና ጠጠር ጫንኩባት። ተመልሳ ብታልፍ፣ አሠራሯን የሚያውቅ ሰው እንደመጣ ይገባታል ብዬ ነው።

ዘንድሮም ገንዘቡ አልተለቀቀም ይላሉ። የኦቦ ደገፋ ጥግ ግን ንጹሕ ነው፤ እሷ ብታየው ደስ ባለኝ። የሰበታ ጭነት ሲኖር ማንም ሳይቀድመኝ «እኔ ልሂድ» እላለሁ። አረሙ ደርቆ ነፋስ ወስዶታል፤ ጠጠሮቹ ግን ድንጋዩ ላይ አሉ። የእሷ የትኞቹ፣ የእኔ የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ። በሄድኩ ቁጥር ጎንበስ ብዬ አዲስ ጠጠር ተጨምሮ እንደሆነ አያለሁ።