ወረታን አሳልፌ የሰጠሁበት እሑድ

ባለፈው እሑድ ጠዋት... ወረታ መገንጠያው ላይ ከአንድ የቆመ ባጃጅ ጀርባ ጎንበስ ብዬ፣ አንዲት ሴት ወረቀት ስታነብ እሰልል ነበር። ክፉ አትጠርጥሩ፣ ወረቀቱ የኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባሕር ዳር ጎንደር የሚመላለስ መንገደኛ ወረታን የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ቢበዛ ወርዶ ምሳ ይበላና ይሄዳል። ይሄ ሁሌም ያንገበግበኛል። ስለዚህ ሦስት ወር ሙሉ ሽማግሌ ስጠይቅ፣ ስጽፍ ስሰርዝ ከርሜ የእንቆቅልሽ ጉዞ አዘጋጀሁ። ለእንግዳው አምስት የታሸጉ ፖስታዎች ይሰጡታል። አንዱን ከፍቶ እንቆቅልሹን ይፈታል፣ መልሱ ወደሚገኝበት የድሮ ቦታ በእግሩ ይሄዳል፣ እዚያ ሲደርስ ቀጣዩን ይከፍታል። አስጎብኚ የለም፣ ሰው መጠየቅ የለም።

አንድ የሆቴል ባለቤት ሐሳቡን ወደደልኝ። ግን እንዲህ አለኝ... «አንድ እንግዳ ማንም ሳይረዳው እስከ መጨረሻው ከሄደልህ፣ ፖስታህን እንግዳ መቀበያው ላይ አስቀምጥልሃለሁ። ካልሆነ እርሳው።» ለሙከራ ከሐዋሳ የመጣች፣ እሱ ዘንድ ያደረች እንግዳ ፈቃደኛ ሆነች። እኔም እንዳታየኝ በሩቁ ተከተልኳት።

የመጀመሪያው «ሦስት አፍ አለኝ፣ ሰው ሁሉ በእኔ ያልፋል፣ እኔ ግን ንቅንቅ አልልም» ይላል። መገንጠያው መሆኑን ወዲያው አወቀችው፣ ልቤ ሞቀ። ሁለተኛውን ከፈተች። «ጥርሴ ድንጋይ ነው፣ አላምጣለሁ እንጂ አልውጥም።» ቆም ብላ ማሰብ ጀመረች... የፈለግኩትም ይሄንኑ ነበር።

የተከለልኩበት ባጃጅ ሹፌር ግን ሰው ቆሞ ሲያስብ ማየት አይችልም።

«እህት ዓለም፣ መንገድ ጠፋሽ?»

«አይ፣ እያሰብኩ ነው።»

በትከሻዋ በኩል አንገቱን አስግጎ አነበበ። «ወፍጮ ነው እኮ። አሮጌውን ወፍጮ ቤት ማለቱ ነው። ግቢ ላድርስሽ።»

«በእግሬ ነው መሄድ ያለብኝ።»

«በዚህ ፀሐይ? እንግዳ በእግሯ ሰደደ ሊሉኝ ነው? ግቢ በሞቴ።»

ገባች። ባጃጁ ሲነሳ እኔ አስፋልት ዳር ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ከዚያማ ሩጫ ነው። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሳለከልክ ስደርስ ሦስተኛውን ፖስታ ሹፌሩ ራሱ ከፍቶ ጮክ ብሎ ያነባል... «ካልመቱኝ አልናገርም፣ ስናገር አገር ይነሳል።» መልሱ የቤተ ክርስቲያኑ የድሮ የድንጋይ ደወል ነው። ጥቂት ብታስብ ትደርስበት ነበር።

«ይሄን አላውቀውም» አለ ሹፌሩ። «የኔታ ግን አያጡትም።» ጭኗት በረረ። በንዴት የራሴን ከንፈር ነክሼ ተከተልኩ።

የኔታ ጥጋቡ የከተማውን ግማሽ ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው። እኔንም ጭምር፣ ኩርኩማቸው እስከ ዛሬ ይታወሰኛል። ቅዳሴ ወጥቶ ከደጀ ሰላሙ ፊት ዋርካው ሥር ተቀምጠው ነበር። እኔ ከአጥሩ ጥግ ተለጥፌ እሰማለሁ።

«እንቆቅልሽ ያለሽ ማን ነው ልጄ?» አሏት።

«ወረቀቱ ነው አባቴ።»

የኔታ ፖስታውን አገላብጠው አዩት። «ወረቀት? ታዲያ ካላወቅሽው አገር ለማን ትሰጪያለሽ? ወረቀት አገር ይቀበላል?»

እንግዳዋ ወደ ሹፌሩ ዞረች። እሱ ለሁሉም መልስ አለው። «ባለቤቱማ ያውና፣ ከጠዋት ጀምሮ ይከተለናል» ብሎ በጣቱ ጠቆመኝ።

ከቅዳሴ የወጣው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ና እስቲ ወዲህ» አሉኝ የኔታ። «ጠይቆ መሸሸግን ከማን ተማርኸው? እኔ አላስተማርሁህም።»

«የኔታ፣ አሠራሩ ነው... እንግዳው ብቻውን እንዲፈልግ ተብሎ ነው።»

«ብቻውን? በኛ አገር?» አሉና ከዚያ «እንቆቅልህ» አሉኝ።

ምን ላድርግ... «ምን አውቅልዎ።»

«እንግዳ ይጠራል፣ እንግዳው ሲመጣ ይሸሸጋል። ምንድር ነው?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ይስቃል። ግን በዚያ ሕዝብ ፊት «እኔ ነኝ» የሚለው ከአፌ አልወጣ አለ። ፊቴ ጋለ።

«አላወቅሁም።»

«እንግዲያው አገር ስጠኝ።»

«ጎንደርን።»

«ጎንደርን ድሮ ተቀብያለሁ።»

«ባሕር ዳርን።»

«ሙቀቱን አልችለውም።»

«ደብረ ታቦርን።»

«ብርዱስ?»

በልጅነቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርቁኝ። ሁለት ፖስታ ይቀራል፣ የሦስት ወር ድካሜ ዓይኔ እያየ ገደል ሊገባ ነው፣ እሳቸው አገር ያማርጣሉ። ትዕግሥቴ አለቀ።

«በቃ ወረታን ይውሰዷት» አልኩ።

ሳቁ ቀጥ አለ። የኔታም ቀስ ብለው «ተቀብያለሁ» አሉና እንደ ደንቡ ቀጠሉ... «ወረታ ላይ ገብቼ፣ እንግዳዬን አስከትዬ፣ ሰንበቴ ላይ ተቀምጬ ዳቦ ስቆርስ፣ አንተ ወረቀትህን ታቅፈህ ከአጥር ውጭ ቅር።»

እንግዳዋ እየሳቀች ያልተከፈቱትን ሁለት ፖስታዎች መለሰችልኝና ተከትላቸው ገባች። ሹፌሩም ገባ። እኔን ግቢ ያለኝ የለም፣ ቢሉኝም በኩራቴ አልገባም ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ከፋኝ።

ከሰዓት በኋላ የሆቴሉ ባለቤት ደወለ። «እንግዳዋ ሁለት ሌሊት ጨመረች» አለኝ። ዘለልኩ። «ፖስታዎቹን ላምጣቸው?» ስለው «የምን ፖስታ? የኔታ ነገ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ሊወስዷት ነው። ይልቅ ሂድና ሌሎች እንግዶችንም ይቀበሉልኝ እንደሆን ለምንልኝ» አለኝ።

ሄጄ ለመንኳቸው። «እቀበላለሁ እንጂ፣ በገዛ አገሬ» አሉኝ።

ይኸው ተወልጄ ባደግኩባት ወረታ፣ ሰው አገር ነው የምኖረው።